ከግራ ሁለተኛው ቆርቆሮ

በእኛ ቤት አባቴ በቀባው ሰም ላይ አፉን የሚከፍት የለም። ነፍሷን ይማርና እናቴ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ትዳር አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አስላክ፣ ይሄ ነገር አልበዛም እንዴ?» ብላው ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ፋሲካ ማግስት ድረስ «ጨው አቀብዪኝ» እንኳ አላላትም። እኔና ወንድሜ ይህን እያየን ነው ያደግነው። ሰው የበረዶ መንሸራተቻውን ደጃፉ ላይ ያቆማል፤ አባቴ ይቀባል፤ ሰው እግሩ ላይ ያስርና ይሄዳል። በቃ። ጥያቄ የለም።

ዘንድሮ ግን ወደ ተራራው ቤታችን የወጣሁት ለበዓል ብቻ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ የቤቱን ቁልፍ ከአባቴ ልቀማ ነው የሄድኩት።

የላከኝ ታላቅ ወንድሜ ሃልቮር ነው። ሃልቮር ኦስሎ ተቀምጦ ሰውን በስልክ ማዘዝ ይወዳል። «ሲግሩን፣ አባዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አለኝ፣ እኔ ስንት ዓመቱ እንደሆነ የማላውቅ ይመስል። «በየሳምንቱ ብቻውን አራት ኪሎ ሜትር በረዶ አቋርጦ ወደ ተራራው ቤት ይሄዳል። በየካቲት ምን እንዳደረገ ሰምተሻል? ጎረቤቱ ብሪንሂልድ ቤት ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ማሰሮዋን ጥዶ ቁጭ ብሎ አገኘችው። የራሱ ቤት መስሎት! አንድ ቀን ጭራሽ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዶ በረዶ ውስጥ ደርቆ እናገኘዋለን። ቁልፉን ተቀበዪው።»

«አንተ መጥተህ ለምን አትቀበለውም?»

«ሥራ አለብኝ። ደግሞ አንቺን ይሰማል።»

እኔን ይሰማል! አባቴ እኔን ሰምቶ የሚያውቅ ከሆነ እኔ ተኝቼ ነው። ቁልፉ ደግሞ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት ቁልፍ አይደለም። ቤቱን በገዛ እጁ ከሠራበት ጊዜ ጀምሮ በቆዳ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል፤ ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም። ያንን ክር ከአንገቱ ላይ አውልቅ ማለት እንዴት ይባላል? መኪና ውስጥ አምስት ሰዓት ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ሳገላብጠው መጣሁ። «አባዬ፣ እንደምታውቀው...» ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለኝ።

ባሌ ቪዳር የበርገን ልጅ ነው። በርገን ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፤ ሰዉ ጃንጥላ ይዞ ነው የሚወለደው። ቪዳር መንሸራተቻ ላይ ሲቆም አዲስ የተወለደ ጥጃ ነው፤ አራቱም እግሩ በየፊናው ይሄዳል። አባቴ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «የዝናብ አገር ሰው» ነው የሚለው። «የዝናብ አገር ሰው፣ እንጨት አምጣ። የዝናብ አገር ሰው፣ ከመንገድ ላይ ዞር በል፣ ሰው ይለፍ።» ቪዳር ፈገግ ይልና እንጨቱን ያመጣል፣ ዞርም ይላል። እኔ ነኝ በእሱ ፈንታ የምቃጠለው።

ልጆቻችን ሁለት ናቸው። ቱቫ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከቤተሰብ ጋር መታየት ሞት ነው። ኤሊንግ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሱ ዝም ካለ አንድ ጉድ አለ ማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ዝም አለ። እኔ ግን አላስተዋልኩም። ፀሐዩ እንደ ልብ ነበር፤ እኛ ደጅ የደቡቡን ግድግዳ ተደግፈን፣ ብርቱካን እየላጥን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ተቀምጠን ነበር። ቪዳር አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው። ማንም አልቀሰቀሰውም። ሲነቃ የፊቱ ግማሽ ተቃጥሎ ቀልቷል፤ ግማሹ ነጭ ነው። ቱቫ ጮክ ብላ ስታወራው አባቴ እስኪያነባ ሳቀ። ኤሊንግ ያን ሁሉ ጊዜ ቤት ውስጥ ብቻውን ነበር። ስገባ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ምንም አላደረግኩም» አለኝ። ሳልጠይቀው ማለት ነው። እናት ሆኜ ያንን ማለፍ አልነበረብኝም፤ ግን እኔ ሐሳቤ ሁሉ ቁልፉ ላይ ነበር።

ስቅለት ዕለት ጠዋት አዲስ በረዶ ጥሎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ዘጠኝ ደርሶ ነቃን። ስቅለት ማለት ተራራው ላይ ያለው ትልቁ የድንጋይ ቁልል ድረስ ወጥተን ብርቱካን የምንበላበት ቀን ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ቀርተን አናውቅም። እኔ በሆዷ ውስጥ ሆኜ እናቴ ወጥታለች፤ ሃልቮር እግሩን ሰብሮ በበረዶ ጋሪ ተጎትቶ ወጥቷል። አባቴ ከሁላችንም ቀድሞ ተነስቶ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ የሰሙ ሳጥን ጭኑ ላይ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ አራት ቆርቆሮዎች አሉ። ከግራ ወደ ቀኝ፦ አረንጓዴው ለብርቱ ብርድ፣ ሰማያዊው ለደህናው ብርድ፣ ሐምራዊው ዜሮ አካባቢ ለሆነ ቀን፣ ቀዩ በረዶው ሲረጥብ። ይህን በእኛ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ቀይ ሰም በብርድ ቀን የቀባ ሰው የተራራውን በረዶ ሁሉ እግሩ ላይ ተሸክሞ ይመለሳል፤ ይህንንም ሕፃኑ ያውቀዋል።

ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ በጣቱ የሳጥኑን ጠርዝ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና አንዱን አነሳ። ከዚያ መቀባት ጀመረ። «ሰሙ ዛሬ ለስልሷል» አለ። «ምድጃው ሥር ማነው ያስቀመጠብኝ?»

ቀና ብዬ አየሁ። የሚቀባው ቀይ ነው።

ቱቫም አይታለች። ዓይኗን አፍጥጣ ወደ እኔ መጣችና፣ «እማዬ፣ አያዬ እኮ ቀይ...» አለች።

«ዝም በይ» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብጠየቅ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ አባቴ በረዶን ከእኔ በላይ ስለሚያውቅ ምናልባት የሚያውቀው ነገር ይኖራል ብዬ ነው። ሁለተኛው እውነተኛው ነው፦ ፈራሁ። «አባዬ፣ ያ ቀይ ነው» ካልኩ የቁልፉ ወሬ እዚያው ይጀመራል፤ እኔ ደግሞ ገና «እንደምታውቀው» ላይ ነኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያን ቀን ግን ነቀዘ፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ቪዳር ይህ ሁሉ ሲሆን ደጅ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ በበረዶ ተቀብሮ በአካፋ መንገድ ሲያወጣለት ነው የቆየው። ሲመለስ አራቱ ጥንድ መንሸራተቻ ተቀብቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የመጀመሪያውን ገልበጥ አድርጎ አየ። ሁለተኛውን አየ። ያልተቃጠለው ግማሽ ፊቱ ይበልጥ ነጣ።

«አባባ» አለ፣ «ዛሬ እንኳ ቤት ብንውልስ? ስቅለትም ነው... ደመናም ያለ ይመስለኛል።»

ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና የለችም። አባቴ ሳቀበት። «የዝናብ አገር ሰው ሰማይ ጠርቶ ካየ ይደነግጣል! ና፣ እግርህን እሰር።»

«ቢያንስ እስኪ እኔ ትንሽ ላስተካክለው፣ የእርስዎን እንኳ...»

«ምኑን ነው የምታስተካክለው?» የአባቴ ድምፅ ተለወጠ። ቪዳር እኔን አየኝ። እኔ ወደ ኤሊንግ ጓንት ዞርኩ። እንግዲህ እንዲህ ነው የወጣነው፤ ሦስታችን መንሸራተቻችን ላይ ምን እንዳለ ወይ እያወቅን ወይ እየፈራን፣ ኤሊንግ ደግሞ ቪዳር ወገብ ላይ በታሰረች የበረዶ ጋሪ ላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጦ።

የመጀመሪያዎቹ መቶ እርምጃዎች ደህና ነበሩ። ከዚያ ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር ማደግ ጀመረ። ረገጥኩ፣ አደገ። እንደገና ረገጥኩ፣ እንደገና አደገ። ትንሽ ቆይቶ ቱቫን ቁልቁል ሳያት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብያለሁ። በረዶው ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ሆኖልኛል። በምርኩዜ ወጋሁት፤ ምርኩዙ ተቀረቀረ። ለመንቀል ስታገል በጀርባዬ ወደቅኩ።

«እማዬ ወደቀች!» አለ ኤሊንግ በደስታ።

«አልወደቅኩም፣ ተቀመጥኩ።»

ቱቫ እንደ እኔ ማስመሰል አልቻለችም፤ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ «ጓደኞቼ ካዩኝ አገር እቀይራለሁ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ቪዳር ያለወትሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መንሸራተቻው አልከዳውም፤ ምክንያቱም የትም አይሄድም! አባቴ ከፊት ነው። ወደ ኋላ አይልም። እያንዳንዱን እግሩን በሁለት እጁ እያገዘ እንደ በሬ ይጎትታል። ጀርባውን ሳየው አንጀቴን በላው፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ሰው እንዴት ይህን ያህል ግትር ይሆናል?

በዚህ መሃል ሽው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብሪንሂልድ ናት፣ የወዲያኛው ቤት ባለቤት፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ውሻዋን አስከትላ በቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ እየፈሰሰች መጣች። አጠገባችን ስትደርስ ቆም አለችና አንድ በአንድ አየችን።

«መልካም በዓል፣ አስላክ። ምን ሆናችሁ?»

«ደህና ነን። እያረፍን ነው።»

«ሁላችሁም ቆማችሁ?»

«ቆመን ነው የምናርፈው» አለ አባቴ። «የቤተሰቡ ልማድ ነው።»

እሷ የሁላችንንም እግር አየች። በእኛ አገር የሰው ሰም አይቶ ማውራት የሰው ድስት ከፍቶ እንደ መቅመስ ነው፤ አይደረግም። «እንግዲያው እረፉ» ብላ ሄደች። ውሻዋ ግን አልሄደም። እኛ አፍረን ወደ መሬት ስናይ እሱ ከጋሪው ኋላ አፉን ሰዶ የምሳችንን ቋሊማ ከነወረቀቱ ይዞ እብስ አለ። ቪዳር ሊከተለው ሞከረ። መንሸራተቻው መሬት ላይ ቀረ፣ እሱ ግን ሄደ፤ በአፍጢሙ ተደፋ። ጋሪዋ ተገለበጠች፣ ኤሊንግ ተንከባለለ፣ የብርቱካኑ ከረጢት ተበጠሰ። አሥራ ሁለቱም ብርቱካኖች ቁልቁለቱን ይዘው ወረዱ። ያን ቀን በወጉ የተንሸራተቱት እነሱ ብቻ ናቸው።

አባቴ በመጨረሻ ቆመ። እንዳልደከመው ሰው ሊሆን እየሞከረ መንሸራተቻውን አወለቀና በመፋቂያው በረዶውን ማራገፍ ጀመረ። «ምድጃው ነው ያበላሸው» አለ። «ብዬ ነበር። ፍቄ አዲስ እቀባዋለሁ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።» ከደረት ኪሱ ቆርቆሮውን አወጣና ሁላችንም እንድናይለት ከፍ አደረገው። «ይኸው ሰማያዊው! በዚህ ብርድ ከሰማያዊ ሌላ የሚቀባ ሰው ተራራ ላይ መውጣት የለበትም፤ ቤቱ ይቀመጥ።»

እጁ ላይ ያለው ቆርቆሮ እንደ ደም የቀላ ነው። ፀሐዩ አርፎበት ያበራል።

እኔ ለመናገር አፌን ከፈትኩ፣ ብርድ ብቻ ገባበት።

«አያዬ» አለ ኤሊንግ በረዶውን ከአንገቱ ላይ እያራገፈ፣ «ቀይ ነው እኮ።»

«ምን?»

«ቀይ ነው። ትናንት ግንብ ሠርቼበት ነበር። ቀዩን ከላይ አደረግኩት። ከዚያ መለስኳቸው።»

አባቴ ቆርቆሮውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ወደ ቀኝ አዞረው፣ ወደ ግራ አዞረው፣ ራሱን ዘመም አድርጎ በዓይኑ ጠርዝ አየው። ያኔ ገባኝ። ብሪንሂልድ ቤት ማሰሮ የጣደው ለምን እንደሆነ፣ ጋዜጣ ማንበብ የተወው ለምን እንደሆነ፣ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ።

«ቦታቸውን አዛውሮብን ነው፣ አባባ» አለ ቪዳር ከመሬት እየተነሳ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት ማታ አላየኋቸውም፤ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ ከዚያ ደግሞ ፊቴ ሲያቃጥለኝ...»

«ምኑን ነው የምታየው?» አለ አባቴ።

«ሳጥኑን።»

«የእኔን ሳጥን? አንተ?»

ቪዳር ከበረዶው ጋር እንደሚነጋገር ሰው አቀርቅሮ ነው የነገረው። ባለፈው ዓመት ፋሲካ አባቴ ቆርቆሮዎቹን በጣቱ ሲቆጥር አይቶታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ብሎ ሁለተኛውን ሲያነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ በመጣን ቁጥር፣ ውሃ ላምጣ፣ እንጨት ልጨምር እያለ፣ ሰው ሳያየው ሳጥኑን ይከፍታል። ልጆቹ ከነካኩት ያስተካክለዋል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ። ከዚያ ይዘጋዋል።

«አንድ ዓመት ሙሉ?» አለ አባቴ።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በሰም ነገር አይጠየቅም ብለውኝ የለ፣ ያገባሁ ዕለት?»

አባቴ በረዶው ላይ ቁጭ አለ። በጣም ቀስ ብሎ ነው የተቀመጠው። «መሃሉ ጠፍቷል» አለ፤ ለማን እንደሚናገር እንኳ አልገባኝም። «ዳር ዳሩን አያለሁ። ተራራውን አያለሁ። የሰው ፊት ግን የለም፣ ጭጋግ ነው። ቀለሙም እየሄደ ነው። ግን ሰሜ አንድም ቀን ስቶ ስለማያውቅ... በየጠዋቱ ልክ ሲሆን፣ አየህ አስላክ፣ አሁንም አለህ፣ እል ነበር።» ሳቅ ሊል ሞከረ። «አንተ ነበርክ ለካ።»

ምን ይባላል? ንገሩኝ እስቲ፣ እንዲህ ላለ ነገር ምን ይባላል? ቱቫ ናት ሄዳ አጠገቡ የተቀመጠችው።

ብሪንሂልድ ተመለሰች። የቋሊማው ወረቀት በእጇ ነው፤ ውሻው ከኋላዋ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ግን አባቴን በረዶ ላይ፣ ሁላችንንም እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ዙሪያውን ቆመን ስታይ ይቅርታውን ተወችው። ከኪሷ ግማሽ የቀረው የሰም ቆርቆሮ አወጣችና ዘረጋችለት።

አባቴ በሰው ሰም ተቀብቶ አያውቅም። ሲሞትም በራሱ ሰም ነው የሚቀበረው ብለን እንቀልድበት ነበር። እጇን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ዳር ዳሩን ማለት ነው።

«ቪዳር» አለ።

ባሌ ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ቪዳር ይኖር እንደሆነ አየ። እውነቴን ነው።

«ተቀበላት። ሰማያዊ ነው?»

«ሰማያዊ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ቀባ። ወፍራም አታድርገው፣ ቅቤ አይደለም።»

የድንጋዩ ቁልል ጋ አልደረስንም። በአርባ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ቁልቁለቱ ሥር ሰባት ብርቱካን አገኘን፤ እዚያው ቆመን ከብሪንሂልድ ጋር ተካፍለን በላን። አምስቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ቤት እንደገባን ቪዳርን እንጨት ማስቀመጫው ውስጥ ጎትቼ ወሰድኩት። «ለእኔ! ለሚስትህ! አንድ ዓመት ሙሉ!»

«ብነግርሽ ለሃልቮር ትነግሪዋለሽ» አለኝ። «ሃልቮር ቁልፉን ይቀማዋል።»

የመጣሁት ለዚያው ነበር። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ግማሽ ቀይ፣ ግማሽ ነጭ ፊቱን ሳየው ደግሞ ሳቄ መጣ። እያለቀስኩ ሳቅኩ፤ እሱ ምኑ እንዳሳቀኝ ሳያውቅ አብሮኝ ሳቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ምድጃው አጠገብ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሳጥኑ ቪዳር ጭን ላይ ነው። አባቴ የተቀባውን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ «እዚህ ጋ ተሰብስቧል። እዚህ ጋ ደግሞ ራቁቱን ነው። ማነው ያስተማረህ?» ይላል።

«እርስዎ ነዎት፣ አሁን።»

«እኔ እንዲህ አላስተማርኩም። እንደገና ፋቀው።»

አምስት ጊዜ አስፋቀው። በስድስተኛው፣ «ይሄዳል» አለ። በአባቴ አፍ «ይሄዳል» ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሑድ ዕለት ቪዳር በነጩ በረዶ ላይ እንዲለይ ቀይ ካፖርቱን ለብሶ ከፊት ሄደ፣ አባቴ ካፖርቱን ተከትሎ ከኋላ ወጣ። ባሌ አሥራ አንድ ጊዜ ወደቀ። አባቴ አንድ ጊዜ ወደቀ፤ እሱም ቪዳር ላይ ተደናቅፎ ነው። ቁልሉ ጋ ደረስን። ብርቱካን አልነበረንም።

ሰኞ የምንሄድበት ቀን ነው። ጋሪው ተጫነ፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ ምድጃው ጠፋ። ቤቱን መቆለፍ ሁልጊዜ የአባቴ ሥራ ነው። ባለፉት ዓመታት እንዴት እንደሚቆልፍ አሁን ነው ያስታወስኩት፤ ጀርባውን ሰጥቶን፣ በሩን በትከሻው ጋርዶ፣ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ቁልፉ ዝጎ ነው ይለን ነበር። ቀዳዳውን እየፈለገ እንደነበር ማን ያውቃል?

አራት ቀን ሙሉ አፌ ውስጥ የያዝኩት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። «አባዬ፣ እንደምታውቀው።» አሁን ነው ጊዜው አልኩ። ሃልቮር እውነቱን ነው፤ ብቻውን ከመጣ ይሞታል። አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄድኩ።

አባቴ ቆቡን አወለቀ። ክሩን በራሱ ላይ አሳልፎ ከአንገቱ አወጣው። ክሩ የነበረበት ቦታ አንገቱ ላይ ነጭ መስመር ሠርቷል፤ ፀሐይ አግኝቶት የማያውቅ።

«ቪዳር፣ ቆልፈው» አለና ከበሩ ዞር አለ።

ቪዳር ቁልፉን ይዞ እኔን አየኝ። ለዚህ ነው የመጣሁት፤ የፈለግኩት ሆነ፤ አንድ ቃል እንኳ ሳልናገር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። መልስለት፣ መልስለት ብዬ መጮህ ነው ያማረኝ።

ቪዳር ቁልፉን ከተተና አዞረ። አልዞር አለ።

«ወደ ግራ!» አለ አባቴ። «ወደ ግራ ነው፣ የዝናብ አገር ሰው!»

ቆለፈ። ቁልፉን መልሶ ዘረጋለት። አባቴ የቪዳርን እጅ በአየር ላይ ፈልጎ አገኘውና ጣቶቹን በቁልፉ ላይ አጥፎ ዘጋቸው። «አንገትህ ላይ አድርገው። ኪስ ውስጥ ይጠፋል። ስትመጣ ይዘኸኝ ትመጣለህ፤ ስትሄድ ይዘኸኝ ትሄዳለህ።»

መኪና ውስጥ አባቴ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ በልጆቹ መሃል። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። ሃልቮር ነው።

«እሺ፣ ቁልፉስ? ተቀበልሽው?»

«አልተቀበልኩትም» አልኩ። እውነቴን ነው፣ አልተቀበልኩትም። «ደውዬ አስረዳሃለሁ» ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ እንባዬ መጣ፤ አፍንጫዬን ሳብኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለ አባቴ ሳይዞር።

«ምንም። ፀሐዩ በረዶው ላይ አርፎ ዓይኔን ወጋኝ።»

ጥቁር መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አወለቀና በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ዘረጋልኝ። በእኔ በኩል አልነበረም፤ በቱቫ በኩል ነው የዘረጋው።

«እንኪ» አለኝ፣ «አንቺ አድርጊው። ለእኔ ብዙም አይሠራልኝ።»

እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩት።